ስለ ጀግንነትና ስለ ታማኝነት

ጀግንነትና ታማኝነት እንደ መንትያ ወንድማማቾች ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። በጦር ሜዳ ያልሸሸ ሰው በገንዘብ ነገር አይሳሳትም፤ በሥራው ብርቱ የሆነ ሰው በቃሉም የጸና ነው ብለው ያስባሉ። ነገር ግን የሰውን ኑሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስተውሎ ለተመለከተ፥ እነዚህ ሁለቱ በጎ ጠባዮች ተለያይተው ሲገኙ ይታያል። ጀግንነት በአንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰዓት ይፈጸማል፤ ታማኝነት ግን ማንም በማያይበት ስፍራ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ኳስ በመጫወት እንጀራውን ይበላ የነበረው የስኮትላንዱ ሰው የአሌክሳንደር ተርንቡል ታሪክ ይህን ነገር ገልጦ ያሳያል።

ሰዎች በቁልምጫ ሳንዲ የሚሉት ይህ ሰው በ1884 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በስኮትላንድ ምዕራብ፥ በኤርሻየር አውራጃ፥ ኸርልፈርድ በምትባል መንደር ተወለደ። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የዚያ አገር ሕዝብ የሚበዛው ኑሮው ከምድር ሆድ የድንጋይ ከሰል እየቈፈረ በማውጣት ነበረ። ልጆችም ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከአባቶቻቸው ጋራ ወደ ጨለማው ጕድጓድ ይወርዱ ነበር። ሳንዲም በከሰል ጕድጓድ ሠርቶ አደገ። ከጕድጓዱ ለመውጣት ለድኻ ልጅ ከተከፈቱት ጥቂት በሮች አንዱ እግር ኳስ ነበረ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አገር ክለቦች ወደ ስኮትላንድ ሰው እየላኩ ጐበዝ ተጫዋች ይፈልጉ ነበርና፥ እርሱም በ1902 ዓመት ማንቸስተር ሲቲ ወደሚባለው ክለብ ገባ። ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱ ግን የደነደነ ነበረ፤ ቢሆንም ከእርሱ ከሚረዝሙት ይልቅ ኳስ በራሱ በመምታት የታወቀ ሆነ። በ1904 ዓመትም ክለቡ የእንግሊዝን ዋንጫ ሲያገኝ እርሱ ከዐሥራ አንዱ ተጫዋቾች አንዱ ነበረ። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር።

ይሁን እንጂ ክብርና ፈተና በአንድ በር ይገባሉ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ባወጣው ሕግ መሠረት፥ ማንም ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ የበለጠ ደመወዝ እንዳይቀበል ከ1901 ዓመት ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። የማንቸስተር ሲቲ ሹማምንት ግን ጥሩ ተጫዋቾቻቸው ወደ ሌላ እንዳይሄዱባቸው በስውር ከዚህ የበለጠ ይከፍሏቸው ነበር። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ በ1906 ዓመት ተገለጠ። ዐሥራ ሰባት ተጫዋቾች የገንዘብ መቀጫ እንዲከፍሉ፥ እስከ ጥር 1 ቀን 1907 ዓመትም ድረስ ኳስ እንዳይጫወቱ፥ ለዚያም ክለብ ዳግመኛ እንዳይሰለፉ ተፈረደባቸው። ተርንቡልም ከእነዚህ አንዱ ነበረ።

ስለዚህ ነገር ሲናገሩ አንዳንዶች ሕጉን ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በየቅዳሜው ብዙ ሺሕ ሰው የመግቢያ ገንዘብ እየከፈለ ጨዋታውን ለማየት ሲመጣ፥ ሕዝቡን የሚሰበስበው የተጫዋቾቹ ጥበብ ሆኖ ሳለ፥ ለእነርሱ ብቻ የደመወዝ ወሰን ማበጀት ቅን ፍርድ አይደለም። የተጫዋች ጕልበቱ የሚያገለግለው ጥቂት ዓመት ነው፤ እግሩ የተሰበረ ዕለትም ሥራው ይቀራል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ክፉ ሕግን መቃወም አንድ ነገር ነው፤ ክፉውን ሕግ በአደባባይ እሺ ብሎ በጓዳ ማፍረስ ሌላ ነገር ነው። ሕጉን በግልጥ የሚቃወም ሰው ለባልንጀራው ሁሉ መንገድ ይጠርጋል፤ በስውር የሚያፈርሰው ግን የራሱን ኪስ ብቻ ይሞላል፤ ሕጉም እንደ ነበረ ይኖራል። ከዚህም የሚከፋው እጁ በስውር መቀበልን መልመዱ ነው። እጅ አንድ ጊዜ የለመደውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲያደርገው አይከብደውም።

የቅጣቱ ዘመን በተፈጸመበት ቀን፥ በጥር 1 ቀን 1907 ዓመት፥ ተርንቡል በዚያው ከተማ ላለው ለሁለተኛው ክለብ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሰለፈ። ከቀድሞ ባልንጀሮቹም የዌልሱ ሰው ቢሊ ሜሬዲት ከእርሱ ጋራ ነበረ። በዚያም ቀን ከአስቶን ቪላ ጋራ በተደረገው ጨዋታ፥ ሜሬዲት ያሻገረለትን ኳስ አግብቶ ክለቡ አንድ ለባዶ አሸነፈ። በሚቀጥለው የጨዋታ ዓመት ብቻውን 25 ግብ በሊጉ ውድድር አገባ፤ ዩናይትድም በ1908 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝ ሊግ አሸናፊ ሆነ። ጠባዩ ግን ቍጡ ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1907 ዓመት ከቀድሞ ክለቡ ጋራ ሲጫወት ሁለት ግብ አግብቶ ሳለ ዳኛው ከሜዳ አስወጣው፤ በሁለቱ የማንቸስተር ክለቦች ግጥሚያ ከሜዳ የተባረረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን 1909 ዓመት ዩናይትድና ብሪስቶል ሲቲ በለንደን ከተማ፥ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው ስፍራ፥ ለእንግሊዝ ዋንጫ ተጋጠሙ። የተሰበሰበውም ሕዝብ ከ70 ሺሕ ይበልጥ ነበር። ተርንቡል ጕልበቱ ታምሞ ስለ ነበረ፥ መሰለፉ እስከ መጨረሻው ያጠራጥር ነበር። ሆኖም ሕመሙን ችሎ ወጣ። ባልንጀራው ሃሮልድ ሃልስ የመታው ኳስ የግቡን አግዳሚ መትቶ ሲመለስ፥ ተርንቡል ደርሶ ወደ መረቡ ሰደደው። ከዚያ በቀር ግብ አልተገኘም፤ ዋንጫውም ለመጀመሪያ ጊዜ የዩናይትድ ሆነ። እንግዲህ በሥራው ብርቱ፥ ሕመምን የማይፈራ ሰው እንደ ነበረ ማንም ሊክድ አይችልም።

በዚሁ ዓመት ደግሞ ከዋንጫው ይልቅ የሚያስመሰግን ነገር አደረገ። ተጫዋቾቹ በ1907 ዓመት መጨረሻ በማንቸስተር ከተማ የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው ነበር። ኅብረቱም የደመወዙ ወሰን እንዲነሣ፥ በጨዋታ ለቈሰሉትና ለሞቱት ቤተ ሰዎችም ካሣ እንዲከፈል ይከራከር ነበር። የእግር ኳሱ ማኅበር ግን በ1909 ዓመት ተጫዋች ሁሉ ከኅብረቱ እንዲወጣ፥ አልወጣም ያለም እንዲታገድ አዘዘ። ብዙዎች ፈርተው ወጡ። የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋቾች ግን፥ ተርንቡልም በመካከላቸው ሆኖ፥ አንወጣም ብለው ጸኑ። ታገዱ፤ ደመወዛቸውም ተቋረጠ፤ እነርሱ ግን በሌላ ሜዳ እየተሰበሰቡ ሰውነታቸውን ያለማምዱ ነበር። ራሳቸውንም «የተጣሉት ክለብ» ብለው በመሰየም በዚሁ ስም ፎቶግራፍ ተነሡ። የጨዋታው ዓመት ሊጀመር ሲል ማኅበሩ እገዳውን አንሥቶ ኅብረቱን ዐወቀ።

እነሆ፥ አንዱ ሰው በአንዱ ሕግ ላይ ሁለት ዓይነት መንገድ ሄዷል። በማንቸስተር ሲቲ ሳለ ሕጉን በስውር አፈረሰ፤ ለእርሱ እፍረትን፥ ለክለቡም ጥፋትን አመጣ። በ1909 ዓመት ግን ስሙን ሳይሸሽግ፥ ፊቱን ሳይሸፍን ሕጉን ተቃወመ፤ ለራሱም ለባልንጀሮቹም ክብርን አተረፈ። በስውር ይቀበለው የነበረው ገንዘብ ከእርሱ ጋራ ጠፍቷል፤ የጸናለት ኅብረት ግን ከእርሱ በኋላ ቆይቶ፥ የደመወዙ ወሰን በ1961 ዓመት እስኪነሣ ድረስ ተከራከረ። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

በየካቲት 19 ቀን 1910 ዓመት ዩናይትድ ኦልድ ትራፎርድ የሚባለውን አዲሱን ሜዳ ከሊቨርፑል ጋራ በመጫወት ሲከፍት፥ በዚያ ሜዳ የመጀመሪያውን ግብ ያገባ ተርንቡል ነበረ። በ1911 ዓመትም ክለቡ ለሁለተኛ ጊዜ የሊግ አሸናፊ ሆነ። ተርንቡል በዩናይትድ በተሰለፈባቸው 247 ጨዋታዎች 101 ግብ አገባ። በዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ፥ ስሙ ከነቀፋው ምስጋናው በዝቶለት በቀረ ነበር።

በ1914 ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣ። ክለቦቹ የጀመሩትን የጨዋታ ዓመት ፈጸሙ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሊጉ እንደሚቋረጥ፥ ደመወዝም እንደሚቀር ሁሉም ያስብ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋው ተጫዋቾች ጦርነቱ እስኪያልቅ ጕልበታቸው አልቆ ሥራቸው እንደሚያበቃ ይታያቸው ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለው ክፉ ምክር በእንደዚህ ያለ ጊዜ በሰው ልብ ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን ተረት እንደ ብልኀት ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ብዙ ቤት ያፈረሰ ተረት ነው። ዛሬ ካልወሰድህ ነገ አታገኝም የሚል ሐሳብ ድኻውንም ባለጠጋውንም እኩል ያታልላል።

በሚያዝያ 2 ቀን 1915 ዓመት፥ በስቅለት ዓርብ፥ ማንቸስተር ዩናይትድና ሊቨርፑል በኦልድ ትራፎርድ ተጋጠሙ። ዩናይትድ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ነገር ግን ተመልካቹ ተጫዋቾቹ እንደሚገባ አለመጣራቸውን አይቶ ጮኸ። በኋላም ብዙ ሰው ጨዋታው ልክ ሁለት ለባዶ እንዲያልቅ አስቀድሞ እንደ ተወራረደ፥ ለአንድ ፓውንድም ሰባት ፓውንድ እንደሚከፈል ታወቀ። የሊጉ ሸንጎ ጕዳዩን መርምሮ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ከሊቨርፑል አራት፥ ከዩናይትድ ሦስት ተጫዋቾች ተባብረው ውጤቱን አስቀድመው እንደ ወሰኑ ፈረደ፤ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜም ከእግር ኳስ አገዳቸው። ከሦስቱ አንዱ ተርንቡል ነበረ። በዚያ ቀን በሜዳው አልተሰለፈም፤ ነገር ግን ከምክሩ እንዳለበት ተፈረደበት።

አንዳንድ ሰው፥ ይህ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ማን ተጐዳ? ይል ይሆናል። የተጐዱትን መቍጠር አይከብድም። በሳምንቱ ሙሉ በፋብሪካ ደክሞ ካገኘው ጥቂት ሽልንግ ከፍሎ የገባው ሠራተኛ እውነተኛ ጨዋታ አያለሁ ብሎ ሐሰተኛ ታየው፤ እርሱ ተሰርቋል። ውርርድ የተቀበሉት ሰዎች ተሰርቀዋል። ምንም ሳያውቁ በቅንነት የተጫወቱት ባልንጀሮቻቸው ስማቸው ተጠረጠረ። በዚያ ዓመት ዩናይትድ ከቼልሲ በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ ወደ ታችኛው ምድብ ከመውረድ ዳነ፤ ለአንድ ማሸነፍ የሚሰጠው ሁለት ነጥብ ነበርና፥ ያ ጨዋታ ባይኖር ወራጁ ዩናይትድ በሆነ ነበር። ቼልሲ የዳነው በ1919 ዓመት የክለቦቹ ቍጥር እንዲጨምር ስለ ተደረገ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእምነት ጕዳት ነው። ጨዋታ ደስ የሚያሰኘው ፍጻሜው አስቀድሞ ስላልታወቀ ነው፤ ፍጻሜው በገንዘብ ከተሸጠ ኳሱ ነፍስ የሌለው ቈዳ ሆኖ ይቀራል። በጨዋታ የሚዋሽ ሰው በሚዛን፥ በምስክርነት፥ በሹመትም እንዳይዋሽ ማን ዋስ ይሆነዋል?

ተርንቡል ግን በዚህ ጊዜ ወታደር ሆኖ ነበር። ከእግር ኳስ ተጫዋቾች ወደ ተመለመለው ጭፍራ ገባ፤ ኋላም የምሥራቅ ሰሪ ክፍለ ጦር ወደሚባለው ተዛወረ፤ ላንስ ሰርጀንት የሚባለውንም ማዕርግ አገኘ። በግንቦት 3 ቀን 1917 ዓመት በፈረንሳይ አገር፥ በአራስ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ሞተ። ዕድሜው 32 ዓመት ነበረ። አስከሬኑ ስላልታወቀ የራሱ መቃብር የለውም፤ ስሙ በአራስ ከተማ በቆመው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ከብዙ ሺሕ ሰዎች ስም ጋራ ተቀርጾ ይገኛል። በ1919 ዓመት፥ ጦርነቱ ከተፈጸመ በኋላ፥ አገራቸውን በውትድርና ያገለገሉት ቅጡዓን ይቅርታ ተደረገላቸው፤ የተርንቡልም እገዳ ከሞተ በኋላ ተነሣለት። በጨዋታው ላይ ከነበሩት ከኢኖክ ዌስት ግን እስከ 1945 ዓመት ድረስ አልተነሣም። ዌስት ንጹሕ ነኝ ብሎ እስከ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተረትቶ ነበር፤ እገዳው ሲነሣለትም ለመጫወት ያረጀ ሰው ነበረ።

ስለዚህ ይቅርታ ሁለት ነገር ሊነገር ይገባል። የመጀመሪያው፥ ይቅርታው መልካም ነበረ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ በሞተ ሰው ላይ ፍርድን ማጽናት ማንንም አይጠቅምም፤ ከባሏ ሞት በላይ የስሙ ነቀፋ በመበለቲቱ ላይ እንዲጨመርባትም አይገባም። ሁለተኛው ግን፥ ይቅርታው በደም ዋጋ መሰጠቱ ልክ አልነበረም። ጦር ሜዳ የሄደው ኀጢአቱ ተሰረዘለት፤ ያልሄደው ሠላሳ ዓመት ተሸከመው። ጥፋታቸው አንድ ከሆነ፥ ይቅርታውም በአንድ ሚዛን ሊመዘን ይገባ ነበር። በደም የሚገዛ ምሕረት ምሕረት ሳይሆን ንግድ ነው። ከዚህም በላይ እንደዚህ ያለው ንግድ ወጣቶችን፥ አንድ ቀን ጀግና ከሆንሁ የሌላው ቀን ጥፋቴ ሁሉ ይረሳልኛል ብለው እንዲያስቡ ያስተምራቸዋል።

ለአገሩ የሞተን ሰው መንቀፍ አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። መልሱ ቀላል ነው፤ እውነትን መናገር መንቀፍ አይደለም። የተርንቡል ጀግንነት እውነት ነው፤ ጥፋቱም እንዲሁ በሸንጎ ፍርድ የተጻፈ ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በጦር ሜዳ መሞቱ በስቅለት ዓርብ የተሰረቀውን ሠራተኛ ሽልንጉን አልመለሰለትም፤ የስቅለት ዓርብም ነገር በአራስ ሜዳ ያሳየውን ጽናት ሐሰት አያደርገውም። ሞቱን ብቻ የሚያነሣ ሰው ይሸነግለዋል፤ ጥፋቱን ብቻ የሚያነሣም ይበድለዋል። ሁለቱን አንድነት የሚናገር ግን ያከብረዋል፤ ሰውን እንደ ሰውነቱ ቈጥሮታልና።

እንግዲህ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሊይዙት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ታላቅ የፈተና ቀን ለሰው ሁሉ አይመጣም፤ ከመቶ ሰው አንዱ እንኳ በሺሕ ሕዝብ ፊት ዋንጫ አያነሣም። ትንንሹ ፈተና ግን በየማለዳው ይመጣል። በስውር የተዘረጋ ገንዘብ፥ ከባልንጀራ ደብተር የተገለበጠ መልስ፥ ሚዛኑ ጥቂት የጐደለ እህል፥ ሳይሠሩ እንደ ሠሩ ሆኖ የተቀበሉት ደመወዝ እነዚህ ናቸው የሰውን ጠባይ የሚሠሩት ወይም የሚያፈርሱት። የተርንቡል እግር በ1915 ዓመት ብቻ አልተሰናከለም፤ ገና ወጣት ሳለ በስውር የተሰጠውን ገንዘብ በተቀበለ ቀን መንገዱን ጀምሮታል። በ1909 ዓመት ግን መመለስ እንደሚቻል ደግሞ አሳይቷል።

ሕግ ክፉ ቢሆን በግልጥ ተናገር፤ ቅጣቱንም ለመቀበል ተዘጋጅ። ሥራህ ቢጠፋ፥ ነገህም ቢጨልም፥ የሌላውን ሰው ድርሻ አትንካ። ባልንጀራህ ቢሳሳት ጥፋቱን ጥፋት በለው፤ በተጸጸተ ጊዜ ግን በሩን ክፈትለት፤ ዋጋውንም በደሙ እንዲከፍል አትጠይቀው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ስለዚህ ጕልበት ሳለ ስሙን በየዕለቱ እየጠበቀ የሚኖር ሰው ብፁዕ ነው።